ከድሬ ወደ ውርጭ

ፀሐዩ በረድ ሲል ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎች ሥር ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። በስክሪኑ ላይ ደማቅ ጃኬት የለበሱ ሰዎች በበረዶ መካከል በሰልፍ ያዘግማሉ። «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። ወይ ኔፓል ሄጄ ኤቨረስት ሥር ካለው ካምፕ እደርሳለሁ፣ ወይ ስሜን ሄጄ ራስ ደጀን እወጣለሁ፣ ካልሆነም ባሌ። የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ። ጥያቄውን በጥያቄ መለስኩለት፦ «የመጀመሪያውን ሌሊት የት ታድራለህ? ሁለተኛውንስ?»

ግራ ገባው። የተራሮቹን ቁመት እስከ መጨረሻዋ ሜትር በቃሉ ይዟል፤ ከማደሪያዎቹ ግን የአንዱንም ከፍታ አያውቅም። አልፈረድኩበትም። ተራራ የሚሸጡልን ሰዎች ሁሉ የሚያሳዩን ጫፉን ነው። ብዙ ቀን የሚወስድ የተራራ ጉዞ የሚመረጠው ግን በሌሊቶቹ ነው፦ እያንዳንዱ ሌሊት ስንት ሜትር ላይ እንደሚያልፍ፣ ከትናንቱ በስንት እንደሚበልጥ፣ እዚያ ሌሊቱን ብታመም በየት በኩል እንደምወርድ። ያን ምሽት ለልጁ ባጭሩ ያልኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ ለእኛ ለቆላ ሰዎች ነገሩ ከሌላው ይልቅ ይመለከተናልና።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከተማችን የተወለደችው ራሱ መሐንዲሶች አቀበት ስለከበዳቸው ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር የታሰበው፤ ነገር ግን ሐዲዱን በዚያ ገደል ላይ ማውጣት አድካሚም ውድም ሆነና መስመሩ ከሥር ቀረ። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፣ በኋላ ድሬዳዋ። ስለዚህ ተራራ ያላሸነፈ ባቡር ልጆች ነን፤ ብንጠነቀቅ አያሳፍርም።

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ሲከፍሉ ሜትር አልነበራቸውም። የለኩት በእህል ነው። ማሽላ የሚበቅልበት፣ ጤፍ የሚያምርበት፣ ስንዴና ገብስ የሚያፈራበት፣ ገብስ ብቻ የሚቀርበት። የዛሬው ልኬት ውርጭን ከ3,200 ሜትር ገደማ በላይ ያስጀምረዋል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ብዙ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያድርበት የሳንቃበር ካምፕ 3,250 ሜትር ላይ ነው። ድንኳኑ የሚተከለው እንግዲህ ልክ በውርጭ ደጃፍ ላይ ነው ማለት ነው። ለደብረ ብርሃን ሰው ይህ አንድ እርከን ነው፤ ለድሬ ሰው ግን ከቆላ ተነስቶ ሁለቱን እርከን ዘልሎ መግባት ነው።

እርከን መዝለል ምን ችግር አለው? አየሩን መረዳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «ከፍታ ላይ ኦክስጅን የለም» ይላል። ድርሻው እኮ አይቀንስም፤ ድሬም ላይ ሆነ ራስ ደጀን ላይ ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የሚለወጠው የአየሩ መጨመቅ ነው። አሸዋ ሰፈር ፍራሽ ሻጮች ስፖንጅ ፍራሾችን ሲደራርቡ አይታችሁ ይሆናል፤ የታችኛው ተጨፍልቆ ቀጥኗል፣ የላይኛው እንደተነፋ ነው። አየርም እንደዚያ በራሱ ክብደት የተጨፈለቀ ነው። ከታች በአንድ ትንፋሽ ብዙ ይገባል፣ ከላይ በዚያው ትንፋሽ ጥቂት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር በድሬ 87 በመቶ ያህል ነው፤ 3,600 ሜትር ላይ 64 በመቶ ገደማ፣ ከ4,300 በላይ ወደ 58፣ የኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ባለበት 5,364 ሜትር ላይ ደግሞ ግማሽ ያህል ይቀራል።

ሰውነት ይህን ጉድለት ዝም ብሎ አይቀበልም። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ኩላሊት የደሙን ኬሚካል ለማስተካከል ሽንት ያበዛል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ቆም ብሎ እንደገና ሲቀጥል ይሰማል፤ ከአጠገብ የተኛውን ያስደነግጣል። ይህ ሁሉ ማስተካከያ ሰዓታት ሳይሆን ቀናት ይፈልጋል። በቀን ከፍ ብሎ ቶሎ መመለስ ሰውነት በአብዛኛው ይችለዋል፤ የሚከብደው እዚያው ሰባትና ስምንት ሰዓት ተኝቶ መቆየት ነው። ለዚህ ነው ከጫፉ ይልቅ ማደሪያውን የምጠይቀው።

«እኛ ኢትዮጵያውያን እኮ የተራራ ሰዎች ነን» የሚል አለ። ልጁም ብሎኛል። ግማሹ እውነት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ስሜን ውስጥ አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችን መርምረው ያሳተሙት ጥናት ሊቃውንቱን አስገርሟል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰው ደሙን በማወፈር ከፍታውን ይቋቋማል፤ የቲቤት ሰው ደሙ ሳይወፍር በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅ ብሎ ይኖራል። የስሜን ገበሬ ግን ደሙም አልወፈረም፣ የደሙ ኦክስጅንም 95 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ቆላ ላይ እንዳለ ሰው። ይህ በብዙ ትውልድ እዚያ ከፍታ ላይ ወልዶ በማሳደግ የመጣ ነው። በመታወቂያ ካርድ አይወረስም። መጋላ ተወልዶ ሳቢያን ያደገ ሰው ሳንባ ከፈረንሳዊ ቱሪስት ሳንባ ብዙም አይለይም፤ እንዲያውም ቱሪስቱ መጽሐፍ አንብቦ ስለሚመጣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የእኛ ልጅ አገሬ ነው ብሎ ይሮጣል።

በከፍታ ሕክምና ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች የሚመክሩት ሕግ ቀላል ነው። ከቆላ የሚነሳ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ከ2,800 ሜትር በላይ ባያድር ይመረጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ ማደሪያው ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ በየሦስትና አራት ቀኑም እዚያው ከፍታ ላይ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ይደር። በዚህ ሕግ የትኛውንም የጉዞ ፕሮግራም መመዘን ይቻላል። እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልገው።

እስቲ በኔፓል እንጀምር። ካትማንዱ 1,400 ሜትር ላይ ናት፤ ከድሬ የምትበልጠው በ200 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ትንሽዬ አውሮፕላን 2,860 ሜትር ላይ ወዳለችው ሉክላ ታደርሳለች። የሉክላ አየር ማረፊያ 527 ሜትር ብቻ የሚረዝም፣ ሽቅብ ያዘነበለ፣ በአንድ ወገን ግድግዳ በሌላው ገደል ያለበት ማኮብኮቢያ ነው፤ ደመና ከወረደ በረራ የለም፣ ቀናትም መጠበቅ ይኖራል። ልብ በሉ፤ ሉክላ የደረሰ ሰው ያን ቀን ሽቅብ አይቀጥልም፣ ቁልቁል ወርዶ 2,610 ሜትር ላይ ባለችው ፋክዲንግ ያድራል። በማግስቱ ናምቼ ባዛር፣ 3,440። ከሕጉ በላይ የሆነ ዝላይ ነው፣ 830 ሜትር። ስለዚህ ናምቼ ላይ ሁለት ሌሊት ይታደራል። ከዚያ ቴንግቦቼ 3,860፣ ዲንግቦቼ 4,410 ላይ ደግሞ ሁለት ሌሊት፣ ሎቡቼ 4,940፣ ጎራክ ሼፕ 5,164። ቤዝ ካምፑን በቀን አይተው ወደ ጎራክ ሼፕ ይመለሳሉ። ከሉክላ ሉክላ 12 ቀን ያህል ነው።

የሒማሊያው ጉዞ ጠባይ ከዚህ ይነበባል። መንገዱ ሸለቆ ተከትሎ ቀን በቀን ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ከዲንግቦቼ በኋላ ሲወጡ ያለው ሌሊት ሁሉ ከራስ ደጀን ጫፍ በላይ ነው። ልጁ ይህን ስነግረው ዝም አለ። እኛ ዘንድ የአገሩ ቁንጮ የተባለው፣ እዚያ ሰው ሻይ ጠጥቶ የሚተኛበት ሰገነት ነው። በሌላ በኩል የኔፓል ምቾት አይናቅም። በየመንደሩ የእንጨት ማረፊያ ቤቶች አሉ፤ ድንኳን አይሸከሙም፣ ማታ ማታ ሰው በምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባል። ፌሪቼ በተባለችው መንደር በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሒማሊያ የነፍስ አድን ማኅበር በጉዞው ወራት ክሊኒክ ያቆማል። የታመመ ሰው ኢንሹራንስ ካለው ሄሊኮፕተር ይመጣለታል።

ስሜን ሌላ ነው። ከሉክላ እስከ ጎራክ ሼፕ አንድ ረጅም አቀበት ነው ካልን፣ ስሜን አምባ ነው፤ ጫፉ ላይ በእግር የሚሄዱበት፣ በአንድ ጎን ሺህ ሜትር ገደል ያለው። ይህ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመጀመሪያዎቹን 12 ቦታዎች ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር አብሮ የገባ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ወጥቷል። ዋልያና ጭላዳ የሚታዩበት መሆኑን ለድሬ አንባቢ መናገር አያስፈልገኝም፤ ዋልያውን ከብሔራዊ ቡድናችን ማሊያ እናውቀዋለን።

የሌሊቶቹን ዝርዝር እንየው። ከድሬ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ 2,300 ገደማ። ጎንደር፣ 2,100 ገደማ። ደባርቅ፣ 2,850። ሳንቃበር፣ 3,250። በማግስቱ የጂንባርን ፏፏቴ አይቶ ግጭ፣ 3,600። በሦስተኛው የእግር ጉዞ ቀን 3,926 ሜትር ላይ እንደ ምላስ ወደ ገደሉ የወጣችውን እመት ጎጎን ረግጦ ጨነቅ፣ 3,620። ማንም ሐኪም ባይቀይሰውም መሰላሉ ያማረ ነው፤ ከደባርቅ በኋላ አንዱም ሌሊት ከቀደመው በ500 ሜትር አይበልጥም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ጥሩም ያደርጋል። በእኔ እምነት ስሜንን ስሜን ያሰኘው ሁሉ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ባለው መንገድ ላይ አለ።

ራስ ደጀን የሚፈልግ ግን ሦስት ቀን መጨመር አለበት። ከጨነቅ ተነስቶ በቧሒት ትከሻ 4,200 ሜትር ገደማ ያቋርጣል፤ ከዚያ ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ እስከ መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ድረስ፤ ከወንዙ እንደገና ሽቅብ ወደ አምቢቆ፣ 3,200። ባንድ ቀን 1,400 ሜትር የሚያስወርድ መንገድ ጉልበት ያንቀጠቅጣል። በማግስቱ ሌሊቱን ተነስተው ወደ ራስ ደጀን ይወጣሉ። ፈረንጆቹ ካርታ ላይ «ራስ ዳሸን» ብለው ስሙን ያበላሹት፣ የዛሬው ልኬት 4,550 ሜትር ገደማ የሚለው፣ በድሮ ካርታዎች 4,620 ሆኖ የሚገኘው ተራራ ነው። ጫፉ ሹል አይደለም፤ ደረት የመሰለ ሰፊ ጋራ ላይ የተሰነጣጠቀ የድንጋይ ክምር ነው፣ የመጨረሻውን በእጅም በእግርም ተንጠላጥለው ይወጡታል። እውነቱን ለመናገር እይታው ከእመት ጎጎ አይበልጥም። ነገር ግን ያን ሌሊት ተመልሰው የሚያድሩት አምቢቆ 3,200 ላይ ነው። የኢትዮጵያን ቁንጮ ረግጦ ከጨነቅ 400 ሜትር ዝቅ ብሎ መተኛት ሒማሊያ ላይ የማይገኝ ቸርነት ነው።

ታዲያ ስሜን ላይ ሰው አይታመምም? ይታመማል። የሚታመመው ብዙ ጊዜ መሰላሉን በመኪና የዘለለ ነው። እስከ ጨነቅ የመኪና መንገድ አለ። ጠዋት ጎንደር ቁርሱን በልቶ ማታ ጨነቅ ድንኳን ውስጥ የገባ ሰው ባንድ ቀን 1,500 ሜትር ተሸክሟል። «ሁለት ቀን እናሳጥርልህ» የሚል ፕሮግራም ሲቀርብላችሁ የሚቆረጡት ሌሊቶች የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቁ። ሁልጊዜ የሚቆረጡት የታችኞቹ ናቸው።

ያው የመኪና መንገድ ሌላ ፊት አለው፤ መውጫም ነው። ከሳንቃበር፣ ከግጭ ወይም ከጨነቅ የታመመን ሰው መኪና ጋ ማድረስ አያስቸግርም። አምቢቆ ላይ ነገሩ ይጠምማል። ሕመሙ የከፍታ ከሆነ መሸሃ ወንዝ በቅርብ ወደ 2,800 ያወርደዋል፣ ደህና ነው። እግሩን የሰበረ ከሆነ ግን በመጣበት ለመመለስ በበቅሎ ላይ ሆኖ 4,200 ሜትሩን የቧሒት ትከሻ እንደገና መሻገር አለበት። እንደ ኔፓል ሄሊኮፕተር ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የትኛውንም ጉዞ ስትመርጡ ለእያንዳንዱ ማደሪያ «ከዚህ መውጫው ሽቅብ ነው ወይስ ቁልቁል?» በሉ።

ስለ ስሜን ሌላም ማለት ያለብኝ አለ። የሰሜኑ ጦርነት በ2021 እ.ኤ.አ. ደባርቅ አካባቢ ድረስ ደርሶ ነበር፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለው ግጭትም ተጓዡን ሁሉ የሚያሳስብ ነው። ፓርኩ ውስጥ ያለ ስካውት መሄድ አይፈቀድም፤ ስካውቱ ግን ለአውሬና ለመንገድ እንጂ ለጦርነት አይደለም። ትኬት ከመቁረጥ በፊት ደባርቅ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤትና መንገዱን በየቀኑ የሚያውቁትን ሾፌሮች መጠየቅ ከማንኛውም የተራራ ጫማ ይቀድማል። መንገዱ ዝግ ነው ካሉ ዝግ ነው፤ ተራራው አይሄድም።

እዚህ ላይ ባሌ ይመጣል። የድሬ ሰው ባሌን ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም፤ ምናልባት በካርታ ላይ በጣም ቅርብ መስሎ፣ በመንገድ ደግሞ ዞሮ ስለሚገኝ ይሆናል። በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። በምድር ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ የደጋ አጋዘን ደግሞ ዲንሾ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ያያችኋል።

ባሌን የምወደው ግን ለመንገዱ ነው። ከድሬ ባቡር አዳማ ያደርሳል፣ 1,700። ከአዳማ በአውቶብስ አሰላ፣ 2,400። ቀጥሎ በቆጂ፣ 2,800 ገደማ፤ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያፈራች ከተማ ናትና አንድ ጠዋት ቆሞ ልጆች ሲሮጡ ማየት አይከፋም። ከዚያ በዶዶላ አድርጎ ዲንሾ፣ 3,100 ገደማ። መሐንዲስ ቢቀጠር ከዚህ የተሻለ መሰላል አያቆምም። በአሰላና በበቆጂ አንድ አንድ ሌሊት ያደረ ቆለኛ ዲንሾ ሲደርስ ሰውነቱ ሥራውን ጀምሯል። ከዲንሾ ፈረስ ጭነው ወደ ዌብ ሸለቆ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ሳነቴ አምባ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ይወጣሉ። በመካከሉ ጋርባ ጉራቻ የምትባለው ሐይቅ አለች። ኦሮምኛ ለሚያውቀው ድሬዬ ስሙ ራሱ መንገድ መሪ ነው፦ ጉራቻ ጥቁር ነው፤ ጥቁርነቷን ከላይ ሆነው ሲያዩ ያምኑታል። ቱሉ ዲምቱም ቀዩ ተራራ ነው፣ 4,377 ሜትር።

የባሌም ወጥመድ መኪና ነው። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን የሚያቋርጠው መንገድ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ መኪና ያወጣል። ከ2,700 ገደማ ተነስቶ በሁለት ሰዓት 4,377 ላይ ፎቶ መነሳት ይቻላል፤ ራስ እየመታ። ፎቶ ተነስቶ የሚመለሰው ይተርፋል። ሳነቴ ላይ ድንኳን ተክሎ ለማደር ያሰበ ግን መኪናውን ይተው።

ቅርባችን ያለውን ሳልጠቅስ ባልፍ የሐረርጌ ሰው ይታዘበኛል። ጋራ ሙለታ፣ በኦሮምኛ «የሚታይ ጋራ» እንደማለት፣ ከሐረር ወደ ምዕራብ ግራዋ ላይ 3,400 ሜትር ገደማ ይቆማል። ልጅ ኢያሱ የመጨረሻ የእስር ዘመናቸውን ያሳለፉት እዚያ ነው። የብዙ ቀን ጉዞ አይወጣውም፤ ግን መፈተኛ ነው። ሐረር ላይ አድሮ፣ ግራዋ ላይ አድሮ፣ ጋራውን ወጥቶ የወረደ ሰው ከ3,000 በላይ ራሱ ምን እንደሚል በርካሽ ዋጋ ያውቃል።

ሕመሙ ሲመጣ እንዴት ይታወቃል? ራስ ምታት ይጀምራል፤ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መድከም፣ ማዞር ይከተላሉ። ሰው ብዙ ምክንያት ይፈጥራል፦ ፀሐይ ነው፣ ትናንት የበላሁት ነው፣ እንቅልፍ አጣሁ። ከፍታ ላይ የተነሳ ሕመም ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብሎ መያዝ ነው የሚሻለው። ሕመሙ ሳይለቅ ከፍ ብሎ አይታደርም። ከባሰ ይወረዳል፣ በሌሊትም ቢሆን። ሁለት ምልክቶች ቀልድ የላቸውም፤ ቀጥ ባለ መስመር ተረከዝ ከጣት እያጋጠመ መራመድ ያቃተው ሰው አንጎሉ ማበጥ ጀምሯል፣ ቁጭ ብሎ የሚያለከልክና የሚያስል ሰው ሳንባው ውኃ እየያዘ ነው። ሁለቱም ይገድላሉ፣ ለሁለቱም የመጀመሪያው መድኃኒት መውረድ ነው። ዳያሞክስ የሚባለው ክኒን ሰውነት ቶሎ እንዲለምድ ያግዛል፤ ሐኪም አይቶ ይዘዘው፣ በእሱ ተማምኖ ግን ሌሊት አይዘለልም።

አሁን የድሬን ሰው የሚያስቀይም ነገር ልናገር፦ ጫት። አቀበቱን በምርቃና እንጨርሰዋለን የሚሉ አሉ። ጫት ልብ ያፈጥናል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ተራራው ደግሞ ያለ ጫት ሦስቱንም ያደርጋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ራስ ምታቱ ከየት እንደመጣ እንኳ መለየት አይቻልም። በጉዞው ቀናት ቢቀር፣ ለማቆምም ከሳምንት በፊት ቢጀመር ይበጃል፤ የማቆሙ ድብርት ራሱ ሳንቃበር ላይ እንዳይደርስባችሁ። ረመዳንና ዐቢይ ጾምም ከቀጠሮ በፊት በቀን መቁጠሪያው ይታዩ፤ ከፍታ ላይ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ከባድ ነው።

ወሩን በተመለከተ፣ ስሜን ከጥቅምት እስከ የካቲት ያምራል፤ ጥቅምት ላይ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባም አልረገፈም። ባሌ በበልግም ስለሚዘንብበት ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ ይመረጣል። ኔፓል በጥቅምትና ኅዳር፣ ወይም ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ። ደረቁ ወር ግን ብርዱ ነው። ሺህ ሜትር በተወጣ ቁጥር 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ድሬ 30 ዲግሪ በሆነች ቀን 3,000 ሜትር ከእኛ በላይ ያለው አገር ቀትር ላይ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊት ውኃው ድንኳን ውስጥ ይረጋል። ጥጥ ልብስ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛልና ለመራመጃ አይሆንም፤ ከሰልባጅ ተራ የሚገኝ የሱፍ ሹራብ ይበልጠዋል። ጋቢ ግን፣ ደርቆ ከቆየ፣ ከስሊፒንግ ባግ ላይ ተደርቦ የሚያህለው የለም።

ምግቡም በከፍታው ይወሰናል። 4,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ይንተከተካል እንጂ አያበስልም። ሙሉ ሽምብራ ወይም ባቄላ ሲቀቀል ይመሻል። ሽሮ ይበስላል፣ ፓስታም በትዕግሥት ይበስላል። ከሁሉ የሚሻለው ቀድሞ የተቆላው ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። አርሲና ባሌ ላይ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይገኛል። ተራራ ላይ የኖረ ሕዝብ ስንቁን በድስት ሳይሆን በምጣድ አስቀድሞ የጨረሰው ያለ ነገር አይደለም።

ልጁ በመጨረሻ ባሌን መረጠ፤ ለኅዳር። ኔፓልን አልተወም፤ ሳነቴ ላይ ሦስት ሌሊት ካደረ በኋላ ራሱን ጠይቆ እንደሚወስን ነገረኝ። ደብተሩ ላይ በአንድ ዐምድ የቦታ ስም፣ በሌላው ሜትር ጽፎ አሳየኝ፤ የመጀመሪያው መስመር «ድሬ፣ 1,200» ይላል። ባለፈው እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ቁልቢ በእግር እንደሚሄዱት ምእመናን ዱላ ይዞ፣ አስፋልቱን ተከትሎ ደንገጎ ወጣ። ስልክ ደወለልኝ፦ «ጋሼ፣ ሳልቆም ወጣሁት!» ድምፁ ደስ ይላል። በምን እንደሚመለስ ጠየቅኩት። በሚኒባስ አለኝ።

«የሚቀጥለው እሑድ በሚኒባስ ውጣና በእግርህ ውረድ» አልኩት። ሰኞ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ እንደነበር እናቱ ነገረችኝ።